በእግሩ የተሳፈረው ጓደኛችን

ጀልባ ላይ አልወጣም ብሎ የጀልባ ኪራይ የከፈለ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። እኛ ጋ ግን አለ። ድርሻውን 475 ፓውንድ ከፈለ፣ ሻንጣውን ጀልባዋ ውስጥ አስቀመጠ፣ ከዚያ ወርዶ በእግሩ መጣ። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደ። ያንኑ ያህል ተመለሰ።

ሐሳቡ የካፒቴን ነበር። ካፒቴን የምንለው የባሕር ዳር ልጅ ስለሆነ ነው እንጂ በርሚንግሃም ውስጥ የሚነዳው አውቶቡስ ነው። «እኔ ጣና ዳር ነው ያደግኩት» ሳይል የዋለበት ቀን የለም። አንድ ቀን ቡና ላይ ስልኩን አውጥቶ ረጅም፣ ቀጭን ጀልባ አሳየን። ውስጡ አልጋ አለው። ምድጃ፣ ሻወር፣ ሽንት ቤት፣ ሁሉም አለው። እዚህ አገር ናሮውቦት ይሉታል። ወርዱ ሁለት ሜትር ከትንሽ ነው፣ ርዝመቱ 18 ሜትር።

«ይሄ ኮሪደር ነው እንጂ ጀልባ አይደለም» አልኩት።

መንጃ ፈቃድ አይጠይቅም። ያከራዩሃል፣ አንድ ሰዓት ያህል ያሳዩሃል፣ ከዚያ ቁልፉን ሰጥተው «በል ሂድ» ይሉሃል። ለአንድ ሳምንት 1,900 ፓውንድ። ለአራት ስንካፈለው ስፔን ከመሄድ አይብስም።

የሄድነው ግን አምስት ሆነን ነው። ካፒቴን፣ ነርሷ ጓደኛዬ፣ የነርሷ እናት፣ እኔ እና እሱ። እናትየውን ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ከደብረ ታቦር ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ሦስተኛ ወራቸው ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው መስኮት ማየት ሰልችቷቸዋል። እሳቸው አልከፈሉም፤ ይክፈሉ ብንልስ ማን አፍ አለው። የእሱን ስም አልጽፍም። እግረኛው እለዋለሁ። መጻፌን ያውቃል፤ «ስሜን ብቻ ተይው» ነው ያለኝ።

እግረኛው ሊቢያን አልፎ፣ ባሕሩን በጎማ ጀልባ ተሻግሮ የጣሊያን ደሴት ላምፔዱዛ የገባ ሰው ነው። ስለዚያ ሌሊት ብዙ አያወራም። እኛም አንጠይቀውም። በበጋ ባሕር ዳርቻ ስንሄድ ለውሃው ጀርባውን ሰጥቶ እንደሚቀመጥ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ካፒቴን ፎቶውን ሲያሳየን ከጀልባው በፊት የሁላችንም ዓይን የሄደው ወደ እሱ ነው። እሱ ግን ስልኩን ተቀብሎ አገላበጠውና፣

«ይሄ ነገር በሰዓት ስንት ይሄዳል?» አለ።

«ከአራት ማይል በላይ አይፈቀድም።»

«ስድስት ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው።» ትንሽ አሰበ። «በእግሬ እደርስበታለሁ።»

ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ብሩን በዚያው ማታ ላከ።

የመረጥነው ላንጎለን የሚባለውን ቦይ ነው። ከእንግሊዝ ሜዳ ተነስቶ የዌልስ ተራሮች እግር ሥር ይገባል። እንዲህ ያሉ ቦዮች በዚህ አገር ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናሉ። አብዛኞቹ የተቆፈሩት ባቡር ሳይመጣ፣ የድንጋይ ከሰልና ሸቀጥ ለማመላለስ ነው። ያኔ ሞተር የለም። ጀልባውን የሚጎትተው ፈረስ ነበር። ፈረሱ የሚሄድበት መንገድ ዛሬም ከቦዩ ጎን ለጎን አለ፤ አሁን ውሻ የሚያንሸራሽሩ ሰዎችና ብስክሌተኞች ይሄዱበታል። እግረኛው ይህን አስቀድሞ አጣርቷል። ካርታውን ከእኛ ሁሉ በደንብ ያጠናው እሱ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ 11፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሬንበሪ ከምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ተነሳን። አንድ ሽማግሌ ሰውዬ አሠራሩን አሳዩን። መሪው ክብ አይደለም፤ ከጀልባዋ ኋላ የቆመ የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉን ወደ ግራ ስትገፋው ጀልባዋ ወደ ቀኝ ትዞራለች። ፍሬን የላትም። ማቆም ስትፈልግ የኋላ ማርሽ አስገብተህ ትጠብቃለህ። ደግሞ የምትዞረው ወገቧ ላይ ነው፤ ፊቷ ወደዚህ ሲል ቂጧ ወደዚያ ይሄዳል። ካፒቴን በየመሃሉ «የስ፣ የስ፣ አይ ኖው» ይላል። ሽማግሌው አምስት የመንሳፈፊያ ጃኬት ሰጡን። እግረኛው የሱን ተቀብሎ ወንበር ሥር አስቀመጠና ወደ መሬት ወረደ።

200 ሜትር አልሄድንም። አንድ ዓሣ አጥማጅ ረጅም ዘንጉን ወደ ላይ አንስቶ ሲያፈገፍግ አየሁት። ወዲያው ጀልባዋ ሸንበቆ ውስጥ ገባች። ኋላዋ ዞሮ ቦዩን ከዳር እስከ ዳር ዘጋው።

እማማ ከፊት በር ብቅ አሉ። «ልጄ፣ ጣና ሰፊ ስለሆነ ነው አይደል?» አሉት።

እስካሁን ይህንን አልተውንለትም። ካፒቴን ቀይ ሆኖ የኋላ ማርሽ ሲያስገባ እግረኛው ከመንገዱ ወርዶ የጀልባዋን አፍንጫ በእግሩ ገፋት። ቀስ ብላ ቀና አለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሥራ ያዘ።

ሥራው ብዙ ነው፤ አንደኛው ሎክ ነው። ሎክ ማለት ለጀልባ የተሠራ ደረጃ በሉት። ሁለት በር ያለው የድንጋይ ሳጥን ነው። ዳገት ሲሆን ታች ባለው በር ትገባለህ፣ በሩ ከኋላህ ይዘጋል። ከዚያ የላይኛውን የውሃ መዝጊያ ከፍ ስታደርገው ውሃው እየገባ ጀልባዋን ያነሳታል። ልክ ከላይኛው ውሃ ጋር እኩል ስትሆን በሩ በጀርባ ሲገፉት ይከፈታል። ቀድመህ ብትገፋ አሥር ሰው አይከፍተውም። ለአንድ ጊዜ ብቻ ከ100,000 ሊትር በላይ ውሃ ይወርዳል። ሞተር የለ፣ መብራት የለ። መዝጊያውን የምታነሳው እንደ ጎማ መፍቻ ባለ ብረት እያሽከረከርክ ነው። ስም አለው፣ እኛ ግን መፍቻ አልነው፣ መፍቻ ሆኖ ቀረ።

መፍቻውን የያዘው እግረኛው ነው። በቀበቶው ኋላ ይሰካዋል፣ ከእኛ ቀድሞ ይሄዳል፣ ስንደርስ በሩ ተከፍቶ ይጠብቀናል። እኛ ስንገባ ዘጋ፣ ስንወጣ ዘጋ፣ እንደገና ቀድሞ ሄደ። ጀልባዋ ስትነሳ እሱ አንድ እጁን መዝጊያው ላይ አድርጎ ዓይኑን ከውሃው አያነሳም። እማማ ሳጥኑ ውስጥ ቁጭ ብለው የድንጋዩ ግድግዳ እያጠረ እያጠረ፣ በስተመጨረሻ የላም አፍንጫ ከፊታቸው ሲመጣ በመስቀል አማተቡ። «ውሃን እንደ ከብት በር ዘጉበት» አሉ። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አልሰማሁም።

እሁድ ግሪንድሊ ብሩክ የሚባል ቦታ ስድስት ሎክ ተደራርቦ ጠበቀን። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ተያይዘዋል፤ የአንዱ ላይኛ በር የሚቀጥለው ታችኛ በር ነው። እዚያ በጎ ፈቃደኞች ተራ ያስይዛሉ። አንዷ ባልቴት ሴትዮ እግረኛውን ከላይ እስከ ታች አዩትና ስንተኛ ዓመቱ እንደሆነ ጠየቁት። «ሁለተኛ ቀኔ ነው» አለ። አላመኑትም። ከዚያ በኋላ በየመንገዱ ሰዎች የቦዩ ሠራተኛ እየመሰላቸው ያልሆነ ነገር ሁሉ ይጠይቁት ነበር። ሽንት ቤት የት ነው? ውሃ የሚቀዳው የት ነው? ደስ የሚለው፣ መልሱን ሁሉ ያውቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ቦይ እንደ ሌሎቹ ቆሞ የተኛ ውሃ አይደለም። ዌልስ ውስጥ ከዲ ወንዝ ተጠልፎ ይመጣና ሌላኛው ጫፍ ላይ ወዳለ ማጠራቀሚያ ይገባል፤ የመጠጥ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ስንሄድ ውሃው በተቃራኒ ይመጣ ነበር። በተለይ ጠባብ ድልድይ ሥር ጀልባዋ የምትንፏቀቅ ይመስላል። እግረኛው ቀድሞን ይደርሳል፣ ድልድዩ ላይ ተደግፎ ይጠብቃል። «ምነው ቆያችሁ?» ይላል። ሰው እንዴት በጀልባ ተቀድሞ ይናደዳል አትበሉ፤ ካፒቴን በእግር ተቀድሞ ሲናደድ አይቻለሁ።

ፍልሰታ ነበር። እማማ፣ ነርሷ እና እግረኛው ይጾማሉ። እኔ ግማሽ ግማሽ ነኝ። ካፒቴን በጉዞ ላይ ጾም የለም የሚል የራሱ ሥርዓት አለው። እማማ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ጠዋት ጠዋት ነጠላቸውን ተከናንበው ከፊት ወንበር ላይ ይቀመጡና ውዳሴ ማርያማቸውን ይደግማሉ። ከኋላ ሞተሩ ዱግ ዱግ ይላል። ከፊት ምንም አይሰማም፣ የውሃው መከፈል ብቻ። በ9 ሰዓት ሽሮ ትንተከተካለች። እንጀራ ከበርሚንግሃም 40 ይዘናል፤ የጀልባዋ ፍሪጅ ትንሽ ስለሆነች ሃያው ሻወር ውስጥ ነበር። ስለዚህ ለሁለት ቀን ማንም አልታጠበም። ይህ ለምን እዚህ እንደገባ አላውቅም፣ ግን እውነት ነው።

ቡናው ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። እሁድ ማታ ነርሷ ድስት ላይ ቡና ቆላች፣ ቆንጠር አድርጋ ዕጣን ጨመረች። የጭሱ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ሁለት ሜትር ወርድ ባለው ብረት ውስጥ ያ ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል። ከሰል ደግሞ ጀልባ ውስጥ ጨርሶ አይታሰብም፤ ጋዙ ተኝተህ ይገድልሃል። ከዚያ በኋላ ጀበናዋ መሬት ወረደች። ትንሽዬ የካምፕ ጋዝ ምድጃ መንገዱ ዳር አስቀመጥን፣ ቡናችን የመንገደኛ ሆነ። ውሻ የያዘ ሁሉ ቆም ይላል። እማማ በምልክት «ተቀመጡ» ይላሉ። አንድ ባልና ሚስት እስከ ሦስተኛው ጠጥተው ሄዱ። እንግሊዝኛ ተናገርን እንዴ? እኔ እንጃ።

ሰኞ ነሐሴ 13 ነበር፤ ቡሄ። እማማ የደብረ ታቦር ሰው ናቸው፣ በዓሉም የታቦር ነው። በዚህ ቀን ሙልሙል ሳይጋገር አይዋልም። በዋዜማው ሊጥ አቡክተው፣ ሲሄዱ ውለው፣ በጀልባዋ የጋዝ ምድጃ ጋገሩ። አንዱ ጎኑ ጠቆር ብሏል። በዚያ ቀን ያለፍንበት አገር ሐይቅ በሐይቅ ነው፤ ኤልስሚር ይባላል። የበረዶ ዘመን ሲያበቃ ግግሩ ቀልጦ የተዋቸው ናቸው። አንዱ ሐይቅ፣ ብሌክ ሚር የሚሉት፣ ከቦዩ የሚለየው በፈረሱ መንገድ ብቻ ነው። ግራህ ቦይ፣ ቀኝህ ሐይቅ፣ መሃል ላይ አንድ ሰው የምታክል መንገድ። እግረኛው በዚያ ሲሄድ ከጀልባው ሳየው ውሃ ላይ የሚሄድ ይመስል ነበር። ለካስ እሱም ልብ ብሎታል። «ሁለቱንም ጎን ዘጋችሁብኝ» ብሎ ጮኸ። እየሳቀ ነው የጮኸው። ግን እርምጃውን ጨመረ።

ያን ማታ ከሌሎች ስድስት ሰባት ጀልባዎች ኋላ ታስረን አደርን። መሸት ሲል ካፒቴንና እግረኛው ጠፉ። ትንሽ ቆይቶ ዱም፣ ዱም የሚል ድምፅ ሰማን። በመፍቻው መሬቱን እየደበደቡ «ሆያ ሆዬ» እያሉ ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች። የመጀመሪያዋ ጀልባ መጋረጃዋን ዘጋች። ሁለተኛዋ ከፈተች። አውራጁ ካፒቴን ነበር፣ ግጥሙን ግማሽ ረስቶታል፣ በየመሃሉ ያየውን ሁሉ ያስገባል፤ የሰውየውን ውሻ፣ የሴትየዋን አበባ። ሙልሙል እንደማይጠበቅ ግልጽ ነው። አንድ ፓኬት ብስኩት፣ ሦስት ቲማቲምና አንድ ጠርሙስ ቢራ ይዘው መጡ። የጀልባዎቹ ልጆች ምንድነው ብለው ሲጠይቁ ነርሷ ወርዳ አስረዳቻቸው፣ እማማ ሙልሙሉን ቆርሰው ሰጧቸው። ጥቁሩን ጎን ለካፒቴን።

የሚታሰረው እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ዳር ላይ ሁለት የብረት ችካል በመዶሻ ትመታለህ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ገመድ ታስርበታለህ። ሁለት ይበቃል። እግረኛው አራት ነበር የሚመታው። ማታ እሱም ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ታስሮ የቆመ ጀልባ ለእሱ ቤት ነው። ከፊት በር አጠገብ ያለውን አልጋ ወሰደ። ሌሊት አንድ ጊዜ ተነስቶ ገመዶቹን ያያል። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ሰማሁት። በሩ ሲከፈት፣ ሳሩ ላይ እርምጃው፣ ገመዱን ሳብ ሲያደርገው ጀልባዋ ትንሽ ስትነቃነቅ፣ ተመልሶ ሲተኛ። ከሦስተኛው ሌሊት በኋላ ያንን ሳልሰማ እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ማክሰኞ የእማማ ነጠላ ውሃ ውስጥ ገባ። ነፋስ ወሰደው፣ ከጎን አለፈ፣ ከዚያ ከኋላ ግርርር የሚል ድምፅ መጣና ሞተሩ ቀጥ አለ። ነጠላው ከሥር ያለው ማሽከርከሪያ ላይ ተጠምጥሟል። ለዚህ ጉዳይ ከሞተሩ ኋላ አንድ ክዳን አለ፤ ሞተሩን አጥፍተህ፣ ቁልፉን ነቅለህ፣ ክዳኑን ከፍተህ እጅህን እስከ ትከሻህ ውሃ ውስጥ ታስገባለህ። ካፒቴን በዳቦ ቢላ 40 ደቂቃ ቆረጠው። የጥለቱ ክር እየተመዘዘ ሲወጣ እማማ ከላይ ቆመው ያያሉ። እኛ አፈርን። እሳቸው «ተዉት፣ አሮጌ ነው» አሉ። አዲስ ነበር። ለጉዞው ነው የገዙት።

ከሰዓት ቸርክ ደረስን። እዚያ ሸለቆ አለ። ቦዩ ሸለቆውን የሚሻገረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1801 በተሠራ የድንጋይ ድልድይ ላይ ነው፤ ከላዩ መኪና ሳይሆን ውሃ ያለበት ድልድይ፣ ከፍታው 21 ሜትር። ከታች ያለው ወንዝ የእንግሊዝና የዌልስ ድንበር ነው። ድልድዩ መሃል ላይ አገር ተለወጠ። የጠየቀን የለም። እግረኛው እዚያ ቆም አለና ጫማውን አየ፣ አንዱን እግሩን ወደ ፊት አንዱን ወደ ኋላ አደረገ። «ሁለት አገር ላይ ነኝ፣ ወረቀትም አልጠየቁኝ» አለ። ፎቶ አንሺኝ አለኝ። ከጉዞው ሁሉ ፎቶ አንሱኝ ያለው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ድልድዩ ሲያልቅ ወዲያው ዋሻ ይጀምራል። 421 ሜትር፣ ጨለማ፣ አንድ ጀልባ ብቻ የሚያሳልፍ። ደግነቱ ፈረሱም በውስጥ ያልፍ ነበርና የእግር መንገድ አለው። እግረኛው የስልኩን መብራት አብርቶ ቀድሞን ገባ። የጀልባዋ ፋኖስ ግድግዳውን እንጂ መንገዱን አያሳይም። ካፒቴን ግን የሚከተለው አገኘ፤ ያቺን ከፊት የምትወዛወዝ ነጭ ነጥብ። አንድ ጊዜም ግድግዳ አልነካም። በሳምንቱ ውስጥ ምንም ያልነካበት ብቸኛው ግማሽ ሰዓት ነው።

ረቡዕ ትልቁ ድልድይ ነበር። ስሙ ፖንትከሰልቴ ዓይነት ነገር ነው፤ የዌልስ ሰዎች ሲጠሩት ምላሳቸው ጎን በአየር ያፏጫሉ፣ እኛ «ድልድዩ» ብለነው አለፍን። አሥር ዓመት ፈጅቶ በ1805 ተከፈተ። የመሐንዲሶቹ ስም ቴልፎርድና ጄሶፕ ነው። 307 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ገበቴ በድንጋይ ምሰሶዎች ላይ ተጋድሞ፣ ከታች 38 ሜትር ላይ የዲ ወንዝ ይፈስሳል። በፈረንጆቹ ከ2009 ጀምሮ ዩኔስኮ መዝግቦታል። መሃሉ ላይ መክደኛ አለው፤ ለጥገና ማድረቅ ሲፈልጉ እንደ መታጠቢያ ገንዳ ይነቅሉትና ውሃው ወደ ወንዙ ይወርዳል። ይህንን ለካፒቴን ከማለፋችን በፊት ባልነግረው ጥሩ ነበር።

በአንድ ጎን የእግር መንገድና የብረት አጥር አለ። በሌላው ጎን ምንም የለም። ምንም ስል ምንም ማለቴ ነው። የገበቴው ጠርዝ ከውሃው ጥቂት ከፍ ይላል፣ ከዚያ አየር ነው። ጀልባዋ ላይ ቆመህ ወደዚያ ጎን ስታይ ገበቴው ራሱ አይታይህም፤ የምትበር ነው የሚመስልህ። ነርሷ ውስጥ ገብታ አልጋ ላይ ተኛች፣ ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀበረች። እኔ የጣሪያውን ብረት ይዤ አጥሩ ያለበትን ጎን ብቻ አየሁ። እማማ ግን ወንበራቸውን ወደ ገደሉ ጎን አዙረው ተቀመጡ። «ጉና ላይ የወጣ ሰው ይህን ይፈራል?» አሉ። ከታች በጎቹን ይቆጥሩ ነበር።

እኔ አጥሩ ያለበትን ጎን ስለማይ እግረኛውን አየሁት። መንገዱ ከገበቴው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከጀልባዋ በክንድ ርቀት ነው የሚሄደው። በሳምንቱ ሁሉ እንደዚያ ተጠግቶ አያውቅም። ትንሽ እንደሄድን እጁን ዘርግቶ የጀልባዋን ጣሪያ ላይ አሳረፈው። እንደዚያው ሄደ። ከፊት ሰው ሲመጣ ይጠጋጋል እንጂ እጁን አያነሳም። ማዶ ደርሰን መሬቱ ሲሰፋ ነው የለቀቃት።

በኋላ ቡና ላይ ጠየቅኩት።

«እንዳትወድቅ ነዋ» አለኝ።

ከዚያ ወደ ላንጎለን ከተማ ያለው መንገድ ቋጥኝ ተፈልጦ የወጣ ነው። በየቦታው አንድ ጀልባ ብቻ የሚያሳልፍ ረጅም ጠባብ አለ። ሁለት ጀልባ መሃል ላይ ከተገናኘ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት፤ እኛ ወደ ፊት እንኳ በቅጡ አንሄድም። ስለዚህ ሁሉም ጀልባ አንድ ሰው ቀድሞ ይልካል። ሌሎቹ ማን ይውረድ እያሉ ሲከራከሩ የእኛው ቀድሞ ሄዷል። ስልክ ይደወላል፤ «ቆዩ፣ አንድ ቀይ እየመጣ ነው።» ጥቂት ቆይቶ «አሁን ኑ።» ከኋላችን ያሉትንም አስተናገደ። አንድ ሰውዬ ሲያልፍ ኮፍያውን አነሳለት።

ማታ ላንጎለን ታስረን ዶሮ ተሠራ። ፍልሰታ ሐሙስ ይፈታል፤ ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ስለዚህ ለዶሮ ያለን አንድ ቀን ብቻ ነበር። ሦስት ኪሎ ሽንኩርት በኮሪደር ውስጥ ሲቁላላ ምን እንደሚመስል መግለጽ አልችልም። ልብሳችን፣ ፍራሹ፣ መጋረጃው ሁሉ ዶሮ ወጥ ሆነ። ማስጠንቀቂያው እንዳይጮኽ በርና መስኮቱን ሁሉ ከፍተን ከተማውን አሸተትነው። ሐሙስ ጠዋት መንገዱ ዳር ቁጭ ብለን ስንበላ እማማ መጀመሪያ ያጎረሱት እግረኛውን ነው። ሁለተኛም እሱን። ካፒቴን ሳይጾም ከርሞ ተራ ሲጠብቅ ማየት ደስ ይል ነበር።

መመለሱ ቀላል ነው፤ ውሃው ይገፋሃል። የሚያስፈራው ሎክ መውረዱ ነው። ስትወርድ ከኋላህ ከላይኛው በር ሥር የድንጋይ እርከን አለ። ውሃው ሲጎድል የጀልባዋ ኋላ እዚያ ላይ ከተንጠለጠለ ፊቷ ይወርድና ትሰምጣለች። ዓርብ ዝናቡ ዶፍ ነበር። ግሪንድሊ ብሩክ ላይ ካፒቴን ዓይኑን ሲጠራርግ ጀልባዋ ሳይታወቀው ወደ ኋላ ሸሸች። ከላይ ጩኸት ሰማሁ፤ «ወደ ፊት! ወደ ፊት በላት!» መዝጊያው በዚያው ቅጽበት ዘጭ ብሎ ወረደ፣ ውሃው ቆመ። እግረኛው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ከራሱ እስከ እግሩ ውሃ ይወርድበታል። ካፒቴን ሁለት ሜትር ወደ ፊት ነዳት። ማንም ምንም አላለም። መዝጊያው እንደገና ተነሳ፣ በቀስታ።

ከሎኮቹ በኋላ ዝናቡ ስላልቆመ እማማ በሩን ከፍተው «ግባ እንጂ ልጄ፣ ትታመማለህ» አሉት። «እሺ እማማ፣ ስትታሰር» አላቸው። ሁለት ጊዜ አልጠየቁትም። ጃንጥላቸውን በመስኮት ሰጡት። አበባ ያለባት ሐምራዊ ጃንጥላ ናት። እስከ ማታ ከዛፎቹ ሥር እሷ ስትሄድ አየናት።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌው ዕቃ ቆጥረው ተረከቡ። ሁለት ሲኒ ተሰብሯል፣ ፊቷ ላይ ትንሽ ተፍቃለች። ጃኬቶቹን ሲቆጥሩ አምስተኛው ታጥፎ እንደተሰጠ ነበር። አንዴ አዩት፣ አንዴ የእግረኛውን ጫማ አዩ። ጫማው ሶሉ አልቋል።

መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ። እኔን የቀሰቀሰኝ የእሱ ድምፅ ነው። ከኋላ ወንበር፣ ስልኩን እያየ፣ ካፒቴንን ያናግራል።

«የሊድስና ሊቨርፑል ቦይ 204 ኪሎ ሜትር ነው ይላል። 91 ሎክ አለው።»

«እብድ ነህ እንዴ?»

«ሁለት ሳምንት ፈቃድ አለህ?»

ካፒቴን ዝም አለ። እያሰበበት እንደሆነ ገባኝ።

«አንድ ችግር ብቻ ነው» አለ እግረኛው። «ፎልሪጅ የሚባል ዋሻ አለ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል። ውስጡ የእግር መንገድ የለውም።»

«ታዲያ ምን ልትሆን ነው?»

«ከላይ በኮረብታው እዞራለኋ። ፈረሶቹም በዚያ ነበር የሚዞሩት።»